1973፦ የላቲን ሙዚቃ ሁለት ስታዲየሞች

ሰላም ለሁላችሁ። ከኋላ የቆማችሁ ወደ ፊት ኑ፣ እዚህ ጋ ክፍት ወንበር አለ።

ላቲን ሙዚቃ ሲባል አብዛኞቻችን የሚመጣልን ዳንስ ነው። ቅዳሜ ማታ፣ የሳልሳ ክለብ፣ ወገብ፣ ላብ። ከዚያ "ዴስፓሲቶ"፣ አሁን ደግሞ ባድ ባኒ። ሌሎች ደግሞ አሉ፤ የቼ ጉቬራ ምስል ያለበት ቲሸርት የሚወዱ፣ ለእነሱ የላቲን ሙዚቃ ማለት ጊታር ይዞ ስለ ጭቁን ሕዝብ መዝፈን ነው። ሁለቱ ወገኖች አይዋደዱም። አንዱ ሌላውን "ይሄ ስብሰባ ነው እንጂ ዘፈን ነው እንዴ?" ይለዋል። ያኛውም "ጭፈራ ብቻ!" ብሎ ይመልስለታል።

ዛሬ የማወራላችሁ ስለ አንድ ዓመት ነው፤ በፈረንጆቹ 1973። እኔ እንደማየው በዚያ ዓመት የተሠራውን ሙዚቃ በደንብ ያዳመጠ ሰው ዳንስና ትግል ብሎ ለሁለት መክፈሉን ይተዋል። ሙዚቀኞቹ ራሳቸው እንዲያ አልከፈሉትም። የከፈልነው እኛ አድማጮቹ ነን፣ መንግሥታትም አግዘውናል።

ቀኖቹንና ወሮቹን በእኛ አቆጣጠር እነግራችኋለሁ፤ ቀን ሳልጠራ ዓመት ብቻ ካልኩ ግን የፈረንጆቹ ነው። ዓመቱ ከታኅሣሥ 23 ቀን 1965 እስከ ታኅሣሥ 22 ቀን 1966 ነው። ለምን በእኛ እንደምቆጥር አንዷ ቀን ላይ ስንደርስ ይገባችኋል።

ከኒውዮርክ እንነሳ። ፋኒያ የሚባል የሙዚቃ ኩባንያ ነበር፤ በ1964 የተቋቋመ። ያቋቋሙት ሁለት ሰዎች ናቸው። ጆኒ ፓቼኮ ዶሚኒካን ሪፐብሊክ የተወለደ ዋሽንት ተጫዋችና የባንድ መሪ ነው። ጄሪ ማሱቺ ደግሞ ጣሊያን አሜሪካዊ ጠበቃ ነው፣ ከዚያ በፊት ፖሊስም ነበር። መጀመሪያ ላይ ሸክላዎቹን በመኪና ፖርታ ባጋጅ ጭነው ከሱቅ ሱቅ እየዞሩ ነበር የሚሸጡት። በ1973 ግን በኒውዮርክ የሚኖረው የፖርቶሪኮና የኩባ ሰው የሚጨፍርበት ዘፈን አብዛኛው ከእነሱ ቤት ይወጣ ነበር።

በዚያ ዓመት መጋቢት ላይ ፋኒያ ዘፋኞቹን ይዞ ካርኔጊ አዳራሽ ገባ። ካርኔጊ ማለት ሰው ከረባት አስሮ ሞዛርት የሚሰማበት ቦታ ነው። ያቀረቡት "ሆሚ" የሚባል ላቲን ኦፔራ ነበር። ደራሲው ላሪ ሃርሎው የብሩክሊን ልጅ ነው፣ አይሁዳዊ፤ የኩባን ፒያኖ ከመውደዱ የተነሳ ላቲኖቹ "ተአምረኛው አይሁዳዊ" የሚል ስም አውጥተውለታል። ሐሳቡን የወሰደው "ዘ ሁ" ከሚባለው የእንግሊዝ ሮክ ባንድ "ቶሚ" ነው። ኦፔራው ራሱ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከፊሉ አሰልቺ ነው። ግን አንዲት ሴት ነበረችበት። ሴሊያ ክሩዝ። በ1960 ከኩባ ወጥታ የቀረች፣ በወቅቱ አዲሱ ትውልድ ትንሽ የረሳት ዘፋኝ። ለአንድ ዘፈን ጠሯት፣ ዘፈነች፣ አለቀ። ከዚያ በኋላ ፋኒያ አልለቀቃትም።

አሁን የዓመቱ ምርጥ ወደምለው አልበም ልምጣ። "ሎ ማቶ" ይባላል። የዊሊ ኮሎንና የኤክቶር ላቮ ሥራ ነው። ኮሎን ብሮንክስ የተወለደ ትሮምቦን ተጫዋች ነው፣ ያኔ ገና 23 ዓመቱ። ላቮ ደግሞ ከፖርቶሪኮ፣ ከፖንሴ ከተማ የመጣ ዘፋኝ፣ ድምፁ ስስ፣ ትንሽ በአፍንጫ የሚወጣ፣ እየቀለደ የሚያስለቅስ። የአልበሙ ሽፋን ላይ ኮሎን አንድ ሰው መሬት ላይ ጥሎ ሽጉጥ ደግኖበታል። ጽሑፉ "ይሄን ሸክላ ካልገዛችሁ እገድለዋለሁ" የሚል ነው። ቀልድ ነው። ኮሎን የወንበዴ ገጸ ባሕርይ ለብሶ ሽፋን ላይ መውጣት ልማዱ ነበር።

ከሽፋኑ አልፋችሁ ዘፈኖቹን ስሙ። "ካዬ ሉና፣ ካዬ ሶል" ሳን ሁዋን ከተማ ውስጥ ባሉ ሁለት መንገዶች ስም የተሰየመ ነው፤ በዚያ ሰፈር ስታልፍ እጅህን ኪስህ ከተህ ቢላህን አውጣ፣ ተጠንቀቅ የሚል የሰፈር ምክር ነው። "ኤል ዲያ ዴ ሚ ሱዌርቴ" ደግሞ እናቱ የሞተችበት፣ አባቱም አሥር ዓመት ሲሞላው ተከትሎ የሄደበት ልጅ የዕድል ቀኔ ይመጣል እያለ የሚጠብቅበት ታሪክ ነው። ቃሉ ብቻ ቢነገራችሁ ለቅሶ ቤት የገባችሁ ይመስላችኋል። ሰው ግን ይጨፍርበታል! እስከ ዛሬ ይጨፍርበታል። ያኔ ብሮንክስ ውስጥ ሕንፃዎች ይቃጠሉ ነበር፣ ባለቤቶቹም ጥለዋቸው ይሄዱ ነበር፣ ሥራ የለም፣ ሄሮይን በየጥጉ። ስለዚህ "የዳንስ ሙዚቃ ነው፣ ፖለቲካ የለውም" የሚለኝን ሰው ይሄን አልበም ቃሉን እያነበብክ ስማው እለዋለሁ። መፈክር የለውም፤ ኑሮ ግን አለው።

ነሐሴ 18 ቀን 1965። ማሱቺ ያንኪ ስታዲየምን ተከራየ። ብሮንክስ ውስጥ ያለውን፣ የቤዝቦሉን። ብዙ ሰው "አበደ እንዴ?" ሳይለው አልቀረም፤ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ የፋኒያ ኦልስታርስ፣ የኩባንያው ምርጥ ሙዚቀኞች ስብስብ፣ ትልቁ ምሽት የነበረው "ቺታ" የሚባል ጭፈራ ቤት ውስጥ ነው። አሁን ከ40 ሺህ በላይ ሰው መጣ። ከፖርቶሪኮ ኤል ግራን ኮምቦ የሚባለው ባንድ ነበር። ማኑ ዲባንጎም ነበር፣ ካሜሩናዊው ሳክስፎን ተጫዋች፣ "ሶል ማኮሳ" የሚለው ዘፈኑ በዚያው ዓመት አሜሪካን ያጥለቀለቀው። የካርሎስ ሳንታና ወንድም ሆርሄ ጊታር ይዞ ነበር። ሴሊያም ነበረች።

ምሽቱ ላይ ከበሮዎቹ መጡ። ሬይ ባሬቶና ሞንጎ ሳንታማሪያ ፊት ለፊት ቆመው በኮንጋ ሲፎካከሩ፣ "ኮንጎ ቦንጎ" በሚባለው ጨዋታ ላይ፣ ሕዝቡ አልቻለም። አጥሩን ዘሎ ወደ ሣሩ ወረደ። በሺዎች ወደ መድረኩ ሮጠ። ሊመታ አይደለም የሮጠው፤ ሊቀርብ ነው። ሙዚቀኞቹ ግን መድረኩን ጥለው ወጡ፣ ኮንሰርቱም ሳያልቅ ቆመ።

እዚህ ጋ አንዲት የንግድ ነገር ልጨምር፣ ደስ ስለምትለኝ። በ1975 "ላይቭ አት ያንኪ ስታዲየም" የሚባል አልበም ወጣ፣ በሁለት ክፍል። ኮንሰርቱ ተቋርጦ የለ? ታዲያ ሁለት አልበም ሙሉ ከየት መጣ? አብዛኛው የተቀዳው ፖርቶሪኮ ውስጥ፣ ሳን ሁዋን ላይ በ1973 በተከፈተው በሮቤርቶ ክሌሜንቴ አዳራሽ ነው። ክሌሜንቴ ቤዝቦል ተጫዋች ነበር፤ ዓመቱ ሊገባ አንድ ቀን ሲቀረው፣ በመሬት መንቀጥቀጥ ለተጎዳው ለኒካራጓ ሕዝብ እርዳታ ይዞ ሲሄድ አውሮፕላኑ ወድቆ ሞተ። ስሙን ለአዳራሹ ሰጡት። ሙዚቃው ከዚያ ተቀዳ፣ ሽፋኑ ላይ ግን ያንኪ ስታዲየም ተጻፈ። ማሱቺ ጠበቃ ብቻ ሳይሆን ነጋዴም ነበር። የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ያን አልበም ሊጠበቁ ይገባል ከሚላቸው ቅጂዎች መዝገብ ውስጥ አስገብቶታል፤ ከነውሸቱ።

ይሄ ነሐሴ ነው። አሁን ሦስት ሳምንት እንኳን ሳይሞላ ወደ ደቡብ እንውረድ።

መስከረም 1 ቀን 1966። ለዚህ ነው በእኛ የምቆጥረው። እዚህ እንቁጣጣሽ ነው። አጼ ኃይለ ሥላሴ በዙፋን ላይ ሆነው ያከበሩት የመጨረሻው አዲስ ዓመት ነው፣ በሚቀጥለው ዓመት መስከረም 2 ቀን ወርደዋል፤ በእርግጥ ያን ጠዋት ይሄን የሚያውቅ አልነበረም። በዚያችው ቀን ቺሊ ውስጥ፣ ሳንቲያጎ ላይ፣ የጦር አውሮፕላኖች ቤተ መንግሥቱን ደበደቡ። ግራ ዘመሙ ፕሬዚዳንት አዬንዴ ሞቱ። ጄኔራል ፒኖቼ ሥልጣን ያዘ።

ቪክቶር ሃራ የዚያን ቀን ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ሊዘፍን ነበር። ኤግዚቢሽን ይከፈት ነበር፣ አዬንዴም ይመጣሉ ተብሎ ይጠበቅ ነበር። ሃራ የቲያትር አዘጋጅ ነው፣ ዘፋኝ ነው፣ የገበሬ ልጅ ነው። ዩኒቨርሲቲው ተከበበ። ተማሪዎቹና መምህራኑ እዚያው አደሩ። በማግሥቱ ወታደሮች ገቡና ሁሉንም ወደ ቺሊ ስታዲየም ነዷቸው። ስታዲየም ሲባል የኳስ ሜዳ እንዳይመስላችሁ፤ ጣሪያ ያለው የቅርጫት ኳስ አዳራሽ ነው፣ ሙዚቃም የሚቀርብበት። ሃራ ራሱ ከጥቂት ዓመት በፊት፣ በ1969፣ በአዲሱ የቺሊ ዘፈን ፌስቲቫል ላይ አሸንፏል። አሁን እዚያ አዳራሽ ውስጥ በሺዎች የሚቆጠሩ እስረኞች ወንበር ላይ ታጉረዋል። አንድ መኮንን ለየው። "ዘፋኙ" ብሎ።

እጁን ቆረጡት የሚለውን ወሬ ሰምታችሁ ይሆናል። አልተቆረጠም። ተደብድቧል፣ ክፉኛ። በመጨረሻም በጥይት ገደሉት፣ መስከረም 6 ቀን። አስከሬኑ ላይ የተቆጠረው የጥይት ቁስል 44 ነው። ከመሞቱ በፊት እዚያው ተቀምጦ ግጥም ጽፎ ነበር፣ አብረውት የታሰሩት ደብቀው አወጡት። ባለቤቱ ጆአን እንግሊዛዊት ዳንሰኛ ነበረች። አስከሬን ክፍል ሄዳ ከተደረደሩት መካከል ፈልጋ አገኘችው፣ በጥቂት ሰው ቀበረችው። ከዚያ ዕድሜዋን ሙሉ ፍትሕ ስትጠይቅ ኖረች። የቺሊ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሰባት ጡረተኛ የጦር መኮንኖች ላይ የተላለፈውን ቅጣት ያጸናው መቼ መሰላችሁ? በ2023፣ በነሐሴ። እሷ ከሦስት ወር በኋላ አረፈች፣ በ96 ዓመቷ። አዳራሹ አሁን በእሱ ስም ይጠራል።

ይሄን ሁሉ ብዙ ሰው ያውቀዋል። ያልታወቀው ሌላ ነው። ቪክቶር ሃራ በ1973 ያወጣው አልበም ምን ዓይነት ይመስላችኋል? የትግል መዝሙር? አይደለም። "ካንቶ ፖር ትራቬሱራ" ይባላል፣ ከቺሊ ገበሬዎች የተሰበሰቡ የቀልድ ዘፈኖች ናቸው። ባለጌ ዘፈኖች! የሰርግ ቤት ሽማግሌ መለኪያ ከጨበጠ በኋላ የሚያወጣቸው ዓይነት። ሃራ ከመንግሥት ጋር የመጀመሪያውን ጣጣውን ያገኘውም በአብዮት ዘፈን አልነበረም። በ1966፣ ንስሐ አባቷን ስለወደደች አንዲት ጸሎተኛ ሴት የሚያወራ የድሮ የገጠር ዘፈን ቀድቶ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ተቆጣች፣ ሬዲዮ እንዳያሰማው ተከለከለ። በጣም የሚወደደው ዘፈኑ "ቴ ሬኩዌርዶ አማንዳ"ም ቢሆን ፍቅር ነው። አንዲት ልጅ ፋብሪካ ለሚሠራው ፍቅረኛዋ በዝናብ ስትሮጥ። አምስት ደቂቃ ብቻ ነው የሚገናኙት፣ የእረፍት ሰዓቱ ስለሆነች። ፖለቲካው እዚያች አምስት ደቂቃ ውስጥ ነው ያለው።

እንግዲህ አስቡት። የዳንስ ሰው የተባለው ላቮ ስለ ድህነት ዘፈነ። የትግል ሰው የተባለው ሃራ ስለ ፍቅርና ንስሐ አባቷን ስለወደደች ሴት። ታዲያ የቱ ነው ፖለቲከኛው?

መንፈቅለ መንግሥቱ ሲሆን ኪላፓዩን የሚባለው ቡድን ፈረንሳይ ነበር፣ ኢንቲ ኢሊማኒ ደግሞ ጣሊያን። ለዝግጅት የሄዱ ናቸው፣ ሻንጣቸው የጥቂት ሳምንት ሻንጣ ነው። ኢንቲ ኢሊማኒ ቺሊን እንደገና የረገጠው በ1988 ነው። ኪላፓዩን በዚያው ዓመት ክረምት ላይ ከሰርሂዮ ኦርቴጋ ጋር የሠሩት "የተባበረ ሕዝብ አይሸነፍም" የሚለው ዘፈን ያለ እነሱ ዓለምን ዞረ። አገር ቤት የቀሩት ሙዚቀኞች ደግሞ ሌላ ችግር ገጠማቸው። ቻራንጎና ኬና፣ የተራራው ሕዝብ ክራርና ዋሽንት በሉት፣ የግራ ዘመም መሣሪያ ሆኑ። ይዞ መታየት ያስፈራል። ምን አደረጉ? በ1974 ባሮኮ አንዲኖ የሚባል ቡድን ተነሳና በእነዚያው መሣሪያዎች የአውሮፓውን የክላሲክ ሙዚቃ ደራሲ ባህን ተጫወተ። ቪቫልዲን ተጫወተ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሳይቀር። እስቲ ማን ባህን ያስራል?

ለኳስ ወዳጆች አንዲት ነገር። ሌላው፣ ትልቁ፣ ብሔራዊ ስታዲየምም እስር ቤት ሆኖ ነበር። ኅዳር 12 ቀን ቺሊ ከሶቪየት ኅብረት ጋር ለዓለም ዋንጫ ማጣሪያ መጫወት ነበረባት። ሶቪየቶች እዚያ ሜዳ ላይ አንጫወትም ብለው ቀሩ። ቺሊዎች ብቻቸውን ወጥተው ባዶ ጎል ላይ አገቡና አለፉ። ወደ ሙዚቃው ልመለስ።

ብራዚል። እዚያ ወታደሮቹ ከ1964 ጀምሮ ነበሩ፣ ሳንሱሩ የተደራጀ ነበር፣ ግጥም ሁሉ አስቀድሞ ቢሮ ይገባል። ግንቦት ላይ ሳኦ ፓውሎ ውስጥ "ፎኖ 73" የሚባል ትልቅ ዝግጅት ነበር። ሺኮ ቡዋርኬና ዢልቤርቶ ዢል አብረው የጻፉትን "ካሊሴ" ሊዘፍኑ ነው። ቃሉ ጽዋ ማለት ነው፣ የጌቴሴማኒው ጸሎት፤ ሲሰማ ግን "ዝም በል" ይላል። ሰምና ወርቅ ለለመደ ሰው ማብራሪያ አያስፈልገውም፣ ሳንሱሩም አላስፈለገውም። ግጥሙ ተከለከለ። ሁለቱ ግን መድረክ ላይ ወጥተው ዜማውን በማንጎራጎር፣ ትርጉም በሌለው ድምፅ ሊያቀርቡት ሞከሩ። ማይክ ተዘጋ። ሺኮ ወደ ሌላ ማይክ ሄደ። ያም ተዘጋ። ዘፈኑ በሸክላ የወጣው በ1978 ነው።

በዚያው ዓመት ሚልተን ናሲሜንቶ ያደረገው ግን እኔን የበለጠ ይገርመኛል። "ሚላግሬ ዶስ ፔሼስ" ለሚለው አልበሙ ሳንሱሩ የሦስት ዘፈን ቃል ሰረዘበት። ሌላ ቢሆን ዘፈኖቹን ይጥላቸዋል ወይ ቃሉን ይለውጣል። እሱ ቃል አውጥቶ ጣለና ድምፁን ብቻ አስቀረ። ይጮኻል፣ ያቃስታል፣ እንደ ሕፃን ይንጫጫል፣ አንዳንዴ ሰው ይሁን ወፍ አይለይም። ሰሚው ሁሉ የጎደለው ምን እንደሆነ ያውቃል። ሳንሱሩ ምን ይሰርዛል? ፊደል የለውም እኮ።

ሌላውን በፍጥነት ልለፈው፣ ሰዓት አለቀ። በየካቲት ፒሺንጊኛ ሞተ፣ ሾሮ የተባለው የብራዚል ሙዚቃ አባት የሚባለው፤ ሪዮ ውስጥ፣ የክርስትና አባት ሊሆን በሄደበት ቤተ ክርስቲያን ነው ያረፈው። በኅዳር ደግሞ ሜክሲኮ ላይ ሆሴ አልፍሬዶ ሂሜኔዝ፣ 47 ዓመቱ ነበር። ኖታ አያነብም፣ መሣሪያ አይጫወትም፣ ዜማውን እያፏጨ ለሌሎች ይነግራል፤ ሜክሲኮ ውስጥ ሰው ሲከፋውና ሲጠጣ የሚዘፍነው ግማሹ የእሱ ነው ብል አላጋነንኩም። አርጀንቲና ውስጥ ስፒኔታ "አርቶ" የሚል አልበም አወጣ፣ ሽፋኑ ቅርጹ የተወላገደ፣ ሸክላ ሻጮች መደርደሪያ ላይ አልቀመጥ ብሎ ያስቸገራቸው። ኩባ ውስጥ ቹቾ ቫልዴዝና ጓደኞቹ ኢራኬሬ የሚባለውን ባንድ መሠረቱ። እያንዳንዱ የራሱ ንግግር ይወጣዋል።

"ይሄ ሁሉ እኛን ምን አገባን?" የምትሉ ካላችሁ፣ በሁለት መንገድ ያገባናል። ሙላቱ አስታጥቄ በ1966 ኒውዮርክ ውስጥ ከፖርቶሪኮ ሙዚቀኞች ጋር "አፍሮ ላቲን ሶል" የሚሉትን ሁለት አልበሞች ቀድቷል፤ ፋኒያ ገና ጀማሪ በነበረበት፣ በዚያው ከተማ። ኢትዮ ጃዝ ውስጥ የምትሰሙት ኮንጋ ዝም ብሎ የመጣ አይደለም፣ የዚያ ሰፈር ልጅ ነው። ሁለተኛው ኩባ ነው። ከሶማሊያ ጦርነት በኋላ በሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ልጆች ኢስላ ዴ ላ ሁቬንቱድ ሄደው ተምረዋል። ስፓንኛ እንደ አማርኛ የሚናገሩ፣ ሳልሳውን ከክለብ ሳይሆን ከትምህርት ቤት ግቢ የለመዱ ሰዎች በመካከላችን አሉ። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ካላችሁ በኋላ አግኙኝ፣ እኔ ሳልሆን እናንተ ናችሁ መናገር ያለባችሁ።

እስከዚያው ግን ቤት ስትገቡ መጀመሪያ "ሎ ማቶ"ን ስሙ፣ ሙሉውን፣ ከእነ ቃሉ። ቀጥላችሁ "ካንቶ ፖር ትራቬሱራ"ን። ሚልተንን ለማታ አቆዩት፣ ቀን ላይ አይገባም። ያንኪ ስታዲየምን ከፈለጋችሁ ከቅጂው ፊልሙ ይሻላል፣ "ሳልሳ" ይባላል፣ በ1976 የወጣ፤ ሕዝቡ አጥሩን ሲዘል ታያላችሁ።

በሉ፣ ጥያቄ ያለው እጁን ያውጣ።